አለርጂ የላትም

አብኔር ጋምቤላ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አባቱ መምህር ተክሌ በወጣትነታቸው ከደጋ ተመድበው መጥተው፣ ኒውላንድ ሰፈር ቤት ሠርተው የቀሩ፣ የከተማውን ግማሽ ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሕክምና ሲገባ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። አራተኛ ዓመት ደርሶ ለተግባር ልምምድ እዚያው ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ሲመደብማ፣ ገና ሻንጣውን ከባጃጅ ሳያወርድ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ትመክርልኛለህ። ቃል ገብቼላቸዋለሁ» አሉት።

ምክር ደግሞ ይችልበታል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ፣ ሕክምና ለመግባት የሚያስቡት ልጆች በጸጥታ ሲያዳምጡት፣ ቃላቱ ራሳቸው እየመጡ አፉ ላይ ይሰለፉ ነበር። ትምህርቱ ክፍል ውስጥ ከመሰጠቱ በፊት አንብባችሁ ግቡ አላቸው። አናቶሚን ዝም ብላችሁ አትሸምድዱት፣ እየሣላችሁ አጥኑት። ብቻችሁን አታጥኑ፣ የምታስረዱት ሰው ይኑራችሁ። ወደ ኋላ ስትቀሩ ደግሞ አትደበቁ።

ከፊት የተቀመጠች ኛሙት የምትባል ረጅም ልጅ እጇን አወጣች። የኑዌር ልጅ ናት፤ አባቱም ጎበዝ ተማሪ እንደሆነች ነግረውታል።

«ዶክተሩ በሽተኛው አጠገብ ቆሞ ጠይቆህ መልሱን ካላወቅከውስ?» አለችው።

«አላውቅም ትያለሽ» አላት። «ሕክምና ውስጥ አላውቅም ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ያላዩትን አየሁ ማለት ነው።»

ልጆቹ አጨበጨቡለት። መምህር ተክሌም ከበሩ አጠገብ ቆመው አጨበጨቡ።

በሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍል ተማሪዎቹን የሚመሩት ዶክተር ዘርአብሩክ ናቸው። አብኔር ሥራ የጀመረ ዕለት፣ «ኑዌርኛ ትሰማለህ?» ብለው ጠይቀውት ነበር። ከሌላ ክልል የመጡት የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ አጠገቡ ስለነበሩ፣ «እዚሁ አይደል ያደግኩት፣ እሰማለሁ» አለ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሰላምታና ከጥቂት የገበያ ቃላት በላይ አያውቅም። ዶክተሩ ደስ ብሏቸው፣ «እንግዲያው አስተርጓሚ ከመፈለግ ተገላገልን» አሉ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት ኛሩአች የምትባል ሴት ሳንባዋን ታማ ተኛች። ከኢታንግ በኩል የመጣች፣ አማርኛ የማትሰማ ሴት ነበረች። የበሽታዋን ታሪክ ጠይቆ እንዲያቀርብ የታዘዘው አብኔር ነው።

«ማሌ» አላት፣ ሰላምታ ነው። ፊቷ በራ። ከዚያ በሳል እየተቋረጠች ብዙ ነገር ነገረችው። አንዴ ክንዷን ትነካለች፣ አንዴ አንገቷን፣ ቀጥላ ጉንጮቿን በሁለት እጇ ትይዛለች። አብኔር አንድም ቃል አልገባውም። ነርሱ ጋትደት ኑዌር ነው፤ ከክፍሉ ጫፍ መድኃኒት እያደለ ነበር። ስሙን ቢጠራው ይመጣል። ነገር ግን ጓደኞቹ በሚቀጥለው አልጋ ዙሪያ ቆመዋል፤ እሰማለሁ ያለ ሰው አሁን አስተርጓሚ ሲጠራ ምን ይሉታል? «እሺ፣ እሺ» እያለ ራሱን ነቀነቀላት። እሷም ተረድቶኛል ብላ ተረጋጋች።

ዶክተር ዘርአብሩክ መጡና ሲጠይቁት ሳሉንና ትኩሳቱን በዓይኑ ካየው አቀናብሮ ነገራቸው።

«የማይስማማት መድኃኒት አለ?»

«አለርጂ የላትም።»

«በደንብ ጠይቀሃታል?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

ሴፍትሪያክሶን የሚባል የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ታዘዘላት። ሲስተር ወርቅነሽ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ሰጥታት ወደ ሌላ በሽተኛ ከማለፏ ኛሩአች አንገቷን መቧጨር ጀመረች። ፊቷ ሲያብጥ፣ ከንፈሯ ሲወፍር፣ ትንፋሿ ወደ ፉጨት ሲለወጥ አብኔር ቆሞ ያይ ነበር። ሲስተር ወርቅነሽ ጮኻ ዶክተሩን ጠራች። አድሬናሊን ጭኗ ላይ ተወጋች፣ ኦክስጅን ተደረገላት፣ ግሉኮስ በሁለቱም እጆቿ ተከፈተላት። እስከ ሞት ደጅ ደርሳ ተመለሰች።

ትንፋሿ ሲረጋ ዶክተሩ ዞር ብለው አዩት።

«ይህ መድኃኒት እንደማይስማማት አልነገረችህም?»

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። «ጠይቄያት ነበር። የለም ብላለች» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ከተማ የምትማረው የኛሩአች ልጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንደለበሰች እየሮጠች ገባች። ኛሙት ነበረች። ዶክተሩ የሆነውን ሁሉ በእርጋታ አስረዷትና፣ «እናትሽ ተጠይቃ የለም ስላለች ነው። ሌላ ጊዜ እንዳትደብቅ ንገሪያት» አሏት። ኛሙት ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ በኑዌርኛ ተናገረች። ኛሩአች በደከመ ድምፅ መለሰች፣ እጇንም ወደ አብኔር ጠቆመች። ልጅቷ ቆጣ ብላ አቋረጠቻት። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኛሙት አጠገቡ መጥታ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ዶክተር አብኔር፣ ይቅርታ አድርግልን። ነግሬዋለሁ ትላለች። ትኩሳቱ ነው መሰለኝ። ከአሁን በፊትም ኢታንግ ክሊኒክ ይኼው መርፌ አሳብጧት ነበር፣ ታውቃለች። ለምን እንደደበቀች እኔ አልገባኝም።»

«ችግር የለም» አላት አብኔር።

ይህን ቃል እንዴት እንደተናገረው ራሱም አያውቅም። ቤት ገብቶ ምሳ ቀረበለት። አባቱ፣ «ያቺ ኛሙት ስለ አንተ ነው የምታወራው። እንደ አብኔር ሐኪም ካልሆንኩ አለች እኮ» ሲሉት ተነሥቶ ወጣ። ጓሮ ቆሞ ያቺ ሴት ወደ ግድግዳው ስትዞር በዓይኑ ይመጣበት ነበር። ነግራዋለች። በእጇ እያሳየች፣ ክንዷን፣ አንገቷን፣ ጉንጯን፣ ሕፃን እንኳ በሚገባው መንገድ ነግራዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ዘርአብሩክ ቢሮ ገብቶ ቆመ።

«ዶክተር፣ ሴትዮዋን አልጠየቅኳትም። ኑዌርኛም አልችልም።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ትናንት ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«ብትሞት ኖሮስ ትነግረኝ ነበር?»

አብኔር አዎ ሊል ነበር፤ ተወው። እርግጠኛ አልነበረም። ይህ ደግሞ ካደረገው ሁሉ የባሰ አሳፈረው።

«ለዩኒቨርሲቲህ አሳውቃለሁ» አሉ ዶክተሩ፣ ሳይቆጡ። «እስኪወስኑ ድረስ በሽተኛ አትነካም። አሁን ግን ጋትደትን ይዘህ ሂድና ለቤተሰቡ ራስህ ንገራቸው።»

ኛሙትን እናቷን ገንፎ ስታበላ አገኛት። አብኔር በአማርኛ ተናገረ፤ ጋትደት እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ወደ ኑዌርኛ መለሰ። ኛሩአች እስከ መጨረሻው ሰማችና ጥቂት ቃላት ተናገረች።

«ገብቶህ መስሎኝ ነበር ነው የምትለው» አለ ጋትደት። «ራስህን ስለነቀነቅክላት።»

ኛሙት ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ትናንት በሰው ሁሉ ፊት እናቴን ውሸታም አልኳት» አለች። «አንተን አምኜ። እዚሁ ቆመህ እያየኸን።»

«ይቅርታ...»

«አሁን ሂድ።»

ሄደ። ለአባቱ የነገራቸው ቅዳሜ ማለዳ ነው። መምህር ተክሌ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ነበር፤ ቁልፉን ሳይጨርሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንደሚቆጡ ጠብቆ ነበር፤ አልተቆጡም። «ቋንቋውን ያላስተማርኩህ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ እኔም አላውቀውም» አሉ። ቆይተውም፣ «ልጆቹ ግን እየጠበቁህ ነው» አሉት።

ሄዶ ነገራቸው። የኛሙትን እናት በስም አላነሣም፤ የራሱን ግን አንድም አላስቀረም። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ኛሙት አልመጣችም። ሲጨርስ የት እንደሚሄድ ጠፍቶት መድረኩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በመጨረሻ አባቱ መጥተው ክንዱን ያዙት።

ኛሩአች ድና ወጣች። በዚያ ቀን አብኔር በሽተኛ እንዳይነካ ስለተከለከለ መዝገብ ክፍል ካርድ ሲደረድር ነበር። እናትና ልጅ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፉ አየ። ኛሩአች አይታው ቆመችና እጇን አነሣችለት። እሱም መለሰላት። ኛሙት የእናቷን የልብስ ጥቅል ይዛ፣ ሳታየው፣ ወደ በሩ አለፈች።

ከዩኒቨርሲቲው የመጣው ውሳኔ ዓመቱን እንዲደግም የሚል ነበር። ጓደኞቹ ቅጣቱ ከብዷል አሉት፤ እሱ ግን ቀለለው እንጂ አልከበደውም። ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመለስበት ቀን እስኪደርስ በየከሰዓቱ ጋትደት ቤት እየሄደ በኑዌርኛ መጠየቅ ይለማመድ ነበር፤ ታመሽ ታውቂያለሽ፣ ምን ወሰድሽ፣ ምን አደረገሽ የሚለውን። ምላሱ እምቢ ይለዋል። የጋትደት ሚስት ትስቃለች፤ አብኔርም ጆሮው እየጋለ እንደገና ይሞክራል።

መናኸሪያ የሸኙት አባቱ ብቻ ናቸው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል ቀና ብለው፣ «ስትደርስ ደውል» አሉት።