የጓሮው በር

የሻሽወርቅ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ትሰፋለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምድር ቤት ያለው ጄኔሬተር ነደደና ጭሱ በዋናው ደረጃ ሽቅብ ተምዘግዝጎ ወጣ። "እሳት!" ሲባል የፎቁ ሰው ሁሉ ወደ ውጭው ደረጃ ወደሚያወጣው የጓሮ በር ጎረፈ። የሻሽወርቅም ጎረቤቷን፣ ሂጃብ ነጋዴዋን ሰአዳን እጇን ይዛ ሮጠች። ሰአዳ መውለጃዋ የደረሰ ነፍሰ ጡር ናት።

በሩ ጋ ቀድመው ደረሱ። ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። ከኋላ የመጣው ሰው ደግሞ እነሱን ጨምሮ ገፋ። "ከውጭ ቆልፈውብናል!" አለ አንዱ፤ ያን ጊዜ ጩኸቱ ቀለጠ።

የሻሽወርቅ ጉንጯ የበሩ መስታወት ላይ እንደተለጠፈ ከእጀታው በላይ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ቃል አየች። ፊደሉን ትለያለች፤ ትርጉሙ ግን ሁሌም ይምታታባታል። ፑሽና ፑል ለሷ መንታ ናቸው።

"ፉርቃን!" ብላ ጮኸች። ረጅሙ ጫማ ሻጭ ፉርቃን ከሰው በላይ ራሱ ብቅ ብሏል። "መጨረሻው ኤል ኤል ነው! ምን ማለት ነው?"

"ፑል! ሳቢው! መግፋት ፑሽ ነው፣ ይሄ መሳብ ነው!"

ሳበች። በሩ ጣት የሚያሾልክ ያህል ተከፈተና የሰው ክብደት መልሶ ደፈነው። ለመውጣት ሰው ሁሉ ወደ ጭሱ ማፈግፈግ አለበት፤ ማን ደግሞ ወደ ጭስ ያፈገፍጋል?

"እርጉዝ ይዣለሁ!" አለች ባላት ድምፅ ሁሉ። "በእናታችሁ፣ ትንሽ ወደ ኋላ! ልጁን ልትደፈጥጡት ነው!"

ፉርቃን ጀርባውን ለበሩ ሰጠና እጆቹን ዘርግቶ የኋላውን ሰው በደረቱ ገፋ። "ወደ ኋላ በሉ! በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው!" የሰማው ላልሰማው አሰማ። ሰዉ እያሳለ፣ እያለቀሰ፣ ቀስ በቀስ አፈገፈገ። የሻሽወርቅ እጀታውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ሳበች። በሩ ወለል አለ፤ ንጹሕ አየር ፊቷን መታት።

ሰአዳን አስቀድማ በውጭው የብረት ደረጃ አወረደቻት። መሬት ሲደርሱ አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ። ፉርቃን ሰዉን ሁሉ አስወጥቶ፣ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ወረደ። "ማንም አልቀረም" አለ።

ሰአዳ ሆዷን ይዛ ጎንበስ ብላለች። የሻሽወርቅ ወደሷ ዞረች። "ምነው? አመመሽ እንዴ?"

"ኧረ እየተገላበጠ ነው" አለች ሰአዳ፣ እንባዋ እየወረደ። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።"

"ተመስገን!" አለች የሻሽወርቅ፤ ሳቅም ልቅሶም ባንዴ መጣባትና የሰአዳ ትከሻ ላይ ተደፋች።