የኸድሩ ደወል

የሞተሩ ማስጠንቀቂያ ደወል ሲያቃጭል ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ዘወር ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። በቆሎ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወሬያቸውን ቀጠሉ። የወፍጮው ሠራተኛ ይርጉም ዱቄቱን በጣቶቹ እያሸ ሥራውን አላቋረጠም። ከሞተሩ ላይ እንፋሎት ሲትጎለጎል ያየችው የወፍጮው ባለቤት መኪያ ናት፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቋ ሆና።

"አጥፋው፣ ይርጉ፣ አጥፋው!"

መካኒኩ ታረቀኝ ተጠርቶ መጣና ሞተሩን ፈትሾ ራሱን ነቀነቀ።

"ለጥቂት ነው የተረፈው፣ እትዬ መኪያ።"

ዘመኑ የደርግ ነው። አንዲት መለዋወጫ ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ደጅ መጥናት ነበር። ሞተሩ ቢቃጠል የመኪያና የልጆቿ እንጀራ አብሮ መቃጠሉ ነው።

"ጠዋት ይጮሃል፣ ማታ ይጮሃል" አለ ይርጉ እያፈረ። "የቱን ልስማው?"

"ሙቀቱ ከልኩ ትንሽ ባለፈ ቁጥር ይጮሃላ" አለ ታረቀኝ። "የሙቀት መለኪያው መርፌ አርጅቶ እዚያው ልኩ ላይ ይንቀጠቀጣል። የደወሉን ሽቦ ልቁረጠውና እንገላገል?"

ደወሉን የገጠመው የመኪያ ሟች ባል ኸድሩ ነው። ያኔ ከስንት አንዴ ነበር የሚጮኸው። ሲጮህ ታዲያ ኸድሩ የላምባ መቅጃውን እንደያዘ ከሱቁ ወጥቶ፣ "መጣሁ፣ መጣሁ" እያለ መንገዱን ሲያቋርጥ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበታል። እሷም ትስቅ ነበር። ከሞተም በኋላ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ዓይኗ ወደ መንገዱ ይሄድ ነበር። ጩኸቱ ሲበዛ ግን ማየቱን ተወችው፤ መቼ እንደተወችው እንኳ አታውቅም። ይሄ አንገበገባት።

"አይቆረጥም" አለች። "አንዴ ብቻ እንዲጮህ ማድረግ አይቻልም?"

"ይቻላል። አንዴ ጮኾ ዝም ይላል። ሰው ሄዶ የደወሉን ማብሪያ ካልመለሰው ግን ሁለተኛ አይጮህም።"

"እንደሱ አድርግልኝ።"

በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መኪያ ላምባ እየቀዳች ሳለ ደወሉ አንዴ አቃጨለና ዝም አለ። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ይርጉ ሮጦ ሞተሩን አጠፋ፤ ከዚያ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ።

"ተወው፣ ይርጉ" አለችው ከሱቋ ደጃፍ። "እሱን እኔ ነኝ የምመልሰው።"

መንገዱ መሀል ስትደርስ መቅጃውን እንደያዘች መውጣቷን ልብ አለች። ሴቶቹ እያዩዋት ይስቁ ጀመር። ተመልሳ አላስቀመጠችውም።

"መጣሁ፣ መጣሁ" አለች።