የጭብጨባው ቀን

ታናሽ ወንድሜ እኔ በምሠራበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲተኛ ሐኪሙ "አሥር ቀን ያለ ማረጋጊያ መርፌ ከቆየ ወደ ቤቱ ይሄዳል" አለኝ። ወንድሜ ኦቲዝም አለበት እንጂ አላበደም። ስንት ጊዜ ተናገርኩ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ሱቅ ውስጥ ጆሮውን ይዞ ስለጮኸ አምጥተው አስተኙት።

በየማለዳው "እትዬ፣ ስንት ቀረ?" ይለኛል። በጣቶቼ አሳየዋለሁ፤ አይቶ ሲያበቃ ቁርሱን ይበላል።

በአሥረኛው ቀን የሠራተኞች ሥልጠና ተጠናቀቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ኦቲዝም ነበር። አሰልጣኙ "ጆሮውን የያዘን ሰው አትንኩ። ድምፁን አጥፉ፣ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ" ሲል አንጀቴ ራሰ። ሁላችንም ጻፍን። የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ ታካሚ ሆና ስትተውን በሳቅ ሞትን፤ እሷን ማንም አልነካትም።

ከዚያ የምስክር ወረቀት መስጠት ተጀመረ። አዳራሹን ከወንድሜ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሠላሳ ሁለት ሰው ነን፤ ለእያንዳንዱ ይጨበጨባል። እኔም አጨበጨብኩ። ስሜ ሲጠራማ ጭራሽ ወንድሜን ረሳሁት።

ጩኸቱን ስንሰማ ወረቀታችንን እንደያዝን ሮጥን። ጆሮውን ይዞ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ያጋጫል።

"እጁን ያዙ!" አለች ማትሮኗ። ያዙት። "እግሩን!"

የሃያ ዓመት ልማድ ክፉ ነው። እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። መርፌውን ተወጋ።

ወንድሜ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ "እትዬን ጥሩልኝ! እትዬ ታውቃለች!" ይላል።

"አለሁ፣ የኔ ጌታ፣ እዚሁ ነኝ" አልኩት።

ቀና ብሎ እግሩ ላይ ያሉትን እጆች አየ፤ ቀጥሎ ፊቴን አየ። ጩኸቱን አቆመ።

"አያችሁ? ሥልጠናው ጠቀመን፤ ቶሎ ተረጋጋ" አለች ማትሮኗ። ጎንበስ ብላም ከጉልበቴ ሥር ወረቀቴን አነሳችልኝ። "ውይ፣ ተጨማደደብሽ! ግድ የለም፣ ሌላ ይታተምልሻል።"

በማግስቱ ማለዳ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ቆጠራው እንደ አዲስ ስለተጀመረ አሥር ጣቶቼን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ቁርሱ ቀዘቀዘ፤ ስንት እንደቀረው አልጠየቀኝም።