ንስሩና የጫማው ሣጥን

ሰውን ማዋረድ ቀላል ነው፤ የተዋረደው ሰው ጫማ ሰፊ ካልሆነ። የጫማ ሰፊ ቂም እንደ ክሩ ነው፤ ሰም የጠጣ፣ ቢጎትቱት የማይበጠስ።

ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አክስቷ ሱቅ ውስጥ ሶል ትለጥፋለች፣ የተቀደደ ትሰፋለች። ከሥራ ስትወጣ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ስኬትቦርድ ትነዳለች፤ ያቺን አራት ጎማ ያላትን ሳንቃ። መንከባለሉንና መታጠፉን ማንም ሳያሳያት ለምዳዋለች። የቀራት ዝላዩ ነበር፤ ሳንቃዋ ከእግር ጋር አብራ ከመሬት የምትነሣበት፣ ልጆቹ ‹‹ኦሊ›› የሚሉት።

የሜዳው አለቃ ራሱን ‹‹ንስር›› ብሎ የሰየመ ጎረምሳ ነው። ለራሱ ስም የሚያወጣ ሰው፣ ሌላ ሰው የሚያወጣለትን ፈርቶ ነው። ‹‹ሌላ ሰፈር አምስት ደረጃ ዘልያለሁ›› ይላል፤ ከሩቅ የተቀረጸ፣ ፊት የማይታይበት ቪዲዮ ያሳያል። አዲስ መጪውን ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያስተምራል። እዚህ ሜዳ ላይ ሲዘል ያየው ግን የለም። ‹‹እናንተ ደረጃ ላይ አልወርድም›› ይላቸዋል። ያምኑታል።

አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣ ‹‹እስቲ ዝላዩን አሳየኝ›› አለችው።

‹‹ቀላል ነው፣ የኔ እህት። ወደ ኋላ ተደገፊ፣ ሰማዩን እያየሽ ዝለይ።›› ጓደኞቹን ጠቀሳቸው።

አመነችው። ሳንቃዋ ከሥሯ ተስፈንጥራ ሄደች፤ እሷ በጀርባዋ ተዘረረች፣ እጅና እግሯ በአራቱም አቅጣጫ።

‹‹እንቁራሪት!›› አለ፣ ስልኩን ደግኖ።

በማግስቱ ቪዲዮውን ያላየ ሰው አልነበረም። ዳቦ ሻጯ እንኳ፣ ‹‹ለእንቁራሪቷ ስንት ዳቦ ልስጥ?›› አለቻት። ጀርባዋማ በሳምንቱ ዳነ። ያንገበገባት ስሟ ነው፤ ስሟን የሚጠራ ሰው ጠፋ።

አክስቷን፣ ምላሷ ስለሚወጋ፣ ሰፈሩ ‹‹ወስፌ›› ይላታል። ‹‹እያለቀስሽ ማስቲሽ አትቀቢ፣ ውኃ የነካው አይይዝም›› አለቻት።

‹‹ልመልስለት ነው የምፈልገው፣ እትዬ።››

‹‹በአፍሽ ከሆነ ተዪው። ለአፉማ እኔ አለሁልሽ። በእግርሽ መልሺለት።››

የመጀመሪያው ስሕተቷ ከሙያዋ መጣ። ጫማ ሰፊ አይደለች? የጫማ ክብሩ በሶሉ ውፍረት ነው ብላ ታምናለች። ለራሷ ሁለት ጣት የሚያህል ደረቅ ሶል ለጠፈች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ፣ ክርኗ አበጠ፤ ሳንቃዋ የት እንዳለች እግሯ አልነግር አላት። በመጨረሻ ወስፌ ጫማዋን አንሥታ አንኳኳችው።

‹‹ይኼ ጫማ ነው ግንብ? የቆምሽበትን ሳትሰሚ እንዴት ትነሺያለሽ?›› ብላ ሶሉን በጉጠት ገነጠለችው።

ስስ ላስቲክ ለጠፉበት። በሦስተኛው ቀን ሳንቃዋ አንድ ጣት ያህል ከመሬት ለቀቀች። የሳንቃዋን ጭራ በኋላ እግር ጠቅ፣ የፊት እግርን ሳንቃዋ ላይ እየፋቁ ወደ ፊት፣ በቃ። መደገፍ የሚባል ነገር የለበትም፤ ሰማይ ማየትም የለበትም። ውሸቱ ያን ጊዜ ሙሉ ሆኖ ታያት። በዚያ ቀን እልኋ እጥፍ ሆነ።

ጫማዋም ይበላ ጀመር። የሳንቃ ፊት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው፤ የሚዘል ሰው የፊት እግሩ ጫማ በትንሿ ጣት በኩል ያልቃል። የሜዳው ልጆች ለጥገና የሚያመጡት ጫማ ሁሉ እዚያችው ቦታ ላይ የተቀደደ ነው።

አንድ ጠዋት ንስሩ ጫማውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ‹‹እንቁራሪት! ተረከዙ ለቋል። እሑድ ሜዳ ድረስ አምጪልኝ፤ አዳዲስ ልጆች አስተምራለሁ።››

ጫማውን ወደ ራሷ ሳበችው። ሲወጣ ገለበጠችው። ሁለት ዓመት ያደረገው ጫማ ነው፤ አምናም እዚሁ ተሰፍቷል። ተረከዙ፣ እየጎተተ ሳንቃውን ስለሚያቆምበት፣ አልቋል። በትንሿ ጣት በኩል ግን፣ ግራውንም ቀኙንም ብታገላብጥ፣ ዛሬ ከሣጥኑ የወጣ ይመስላል። አንዲት ጭረት የለችበትም።

‹‹አየሽው?›› አለች ወስፌ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

‹‹አየሁት።››

‹‹ሰው ይዋሻል፤ ጫማ አይዋሽም። አሁን ዝም በዪ። ቂም ጥሬውን አይበላም።››

እሑድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ልጅቷ የተጠገነውን ጫማ በሣጥን ይዛ መጣች፤ ሣጥኑን መሐል ሜዳ ላይ አኖረችው።

‹‹ጫማህ ደርሷል። ዘለህ ውሰደው።››

‹‹እ?››

‹‹አምስት ደረጃ የዘለለ ሰው አንድ ሣጥን መቼም አያቅተውም።››

‹‹እንቁራሪቷ አፍ አወጣች!›› ብሎ ሳቀ። ‹‹በይ አንቺ ቅደሚ።››

ይኼንን ነበር የምትፈልገው። ሁለቴ መሬቱን ገፋች፤ ሣጥኑ ዘንድ ስትደርስ ጠቅ፣ ፋቅ፤ አለፈችው። በሁለት እግሯ አረፈች። ሜዳው በፉጨት ቀለጠ።

ንስሩ እግሩን አመመው። ነፋሱን ረገመ። የሳንቃውን ጎማ አንድ በአንድ መረመረ። አዲሶቹ ልጆች በቅን ልቦና፣ ‹‹አሳየን እንጂ፣ ጋሼ ንስር!›› ሲሉት ግን መውጫ አጣ። ተንደርድሮ መጣ። እሱ ተነሣ፣ ሳንቃው አልነሣም አለ። ሳንቃው ከሣጥኑ ጋር ተላትሞ ሲቆም፣ ባለቤቱ ሄዶ ሣጥኑ ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ሁለት ክንዱ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከአዲሶቹ አንዷ፣ ‹‹ውይ! ንስሩ ዕንቁላል ሊጥል ነው!›› አለች።

ስልክ ያልደገነ አልነበረም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ‹‹ዶሮ›› ሆነ። በማግስቱ ዳቦ ሻጯ ልጅቷን በስሟ ጠራቻት፤ ለእሱ ግን፣ ‹‹ዳቦ ነው ፍርፋሪ?›› አለችው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ለእሱ።

ማክሰኞ ሱቁ መጣ፤ ጫማው በጎኑ ተተርትሯል። ባዶ እግሩን በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ወስፌ ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ መንገደኛ ሁሉ ይየው ብላ።

‹‹እህቴ›› አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ‹‹ዝላዩን… እንዴት ነው ያደረግሽው? ለእሑድ መቻል አለብኝ። ለሰው እንዳትነግሪ እንጂ።››

የወስፌ መዶሻ አየር ላይ ቆመ።

ልጅቷ ፊቱን አየችው። ይቅርታ ፈለገችበት፤ የለም። ያቺን ቀን፣ ያቺን ጥቅሻ ፈለገችበት፤ እሷም የለችም። ጭራሽ ረስቶታል። የወጋ ይረሳል። አስታውሶ፣ ‹‹ያኔ በድዬሻለሁ›› ቢላት ኖሮ ምናልባት… እሱም እንጃ።

‹‹ቀላል ነው፣ የኔ ወንድም›› አለችው። ‹‹ወደ ኋላ ተደገፍ፣ ሰማዩን እያየህ ዝለል።››

‹‹በቃ?››

‹‹በቃ።››

‹‹እግዜር ይስጥሽ!››

መዶሻው ሥራውን ቀጠለ። ልጅቷ የተተረተረውን በድርብ ክር፣ ጠበቅ አድርጋ ሰፋችለት። ገና ብዙ ይወድቅበታል።