የእጁ ሰዓት

"የትኛዋ ናት የእጁ?"

እናቱ ሁለቱን ሰዓቶች በነጭ ሳህን አድርጋ ፊቱ አስቀመጠቻቸው። ልጁ አጎንብሶ አያቸው። ደጅ አጎቱ የጭነት መኪናውን ሞተር አስነስቷል። ለቀብር የመጣ ሾፌር ነው፣ ከዚህ በላይ መቆየት አይችልም። የሟቹ አባቱ ኑዛዜ አጭር ነበር፦ የእጄ ሰዓት ለሚስቴ፣ ሌላዋ ለወንድሜ።

"አንተ አይደለህ እንዴ የሰዓት ሊቁ?" አሉ በውሰት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ጎረቤት። "ባሕር ማዶ ሆነህ ከአባትህ ጋር ሌላ ወሬ አልነበራችሁም።"

እውነት ነው። አባቱ የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር፤ ዋና የማይችል፣ ግን በድሮ የባሕር ጠላቂዎች ሰዓት ፍቅር የወደቀ። ሁለተኛዋን የገዛው መኪናውን ሸጦ ነው። እናቱ ለጠየቃት ሁሉ፣ "መኪናችን ሰዓት ሆናለች፤ ነዳጅ አትጠጣም" ትል ነበር። ሲደዋወሉ ልጁ "አባዬ፣ አቅርባት" ይላል፤ የአባቱ ፊት ከስክሪኑ ወጥቶ የሰዓቷ ፊት ይሞላዋል። አንዷ ላይ የምትችለው የውሃ ጥልቀት መጀመሪያ በሜትር ተጽፏል፣ ሌላዋ ላይ መጀመሪያ በጫማ ልኬት። የአንዷ ነጠብጣቦች እንደ ቅቤ ቢጫ ሆነዋል፣ የሌላዋ እስካሁን ነጭ ናቸው። ኔትወርኩ ጥሏቸው እስኪሄድ በዚህ ይከራከራሉ። የትኛዋን አስሮ ሥራ እንደሚሄድ ግን ጠይቆት አያውቅም።

"ሜትሩ የቀደመው ይቺ ብርቅ ናት" አለ።

"ብርቋን ማን ጠየቀህ? የእጁን ነው ያልኩህ።"

"እማዬ፣ አብረሽው የኖርሽው አንቺ..."

"እኔ የማውቃት በጭረቷ ነዋ! የገንዳው ብረት የጫራት፣ እዚህ መስተዋቷ ላይ።" እጆቿን አየቻቸው። "ሰው ሊመጣ ነው ብዬ፣ እጄም ሥራ አጥቶ፣ ሁለቱንም በጥርስ ሳሙና ፈተግኳቸው። ማሰሪያቸውንም አውጥቼ አጠብኩት።"

ልጁ ሰዓቶቹን ወደ መስኮቱ አዘነበላቸው። የድሮ ሰዓት መስተዋት ፕላስቲክ ነው፤ ሲፈትጉት ጭረቱ ይጠፋል። ማሰሪያዎቹም ያው ጥቁር ጎማ ናቸው። ሁለቱም እንደ አዲስ አበሩ።

አጎቱ በሩ ላይ ብቅ አለ። "በሉ እንጂ! ሰዓት ልትሰጡኝ ሰዓቴን ፈጃችሁት።" ማንም አልሳቀም።

"ሁለቱም እማዬ ጋ ይቆዩ?" አለ ልጁ።

"የወንድሜ ቃልስ?" አለ አጎቱ።

እናቱ ዓይኗን ጨፍና ክንዷን ዘረጋች። "እሰርልኝ።"

አንዷን አሰረላት። አጎቱ ሌላዋን ተቀብሎ፣ ሳያያት ደረት ኪሱ ከተታት። የመኪናው ድምፅ ከኩርባው ወዲያ ጠፋ።

እናቱ በአውራ ጣቷ መስተዋቷን ትዳስስ ጀመር፤ ወዲያ፣ ወዲህ። ልጁ እጇን ፎቶ አነሳና እንደ ወትሮው ለአባቱ ላከለት፦ "አባዬ፣ ይቺ ናት?"

ከመልእክቱ ሥር አንዲት የመላክ ምልክት ብቻ ወጣች። ስልኩን ባዶው ሳህን ላይ አስቀምጦ ሁለተኛዋን፣ የመድረሱን ምልክት ጠበቀ።