የገስግስ አባት

ያን ሰሞን ይማርሽ ምሳዋን እንኳ ተቀምጣ አልበላችም። ትነሳለች፣ ወደ ጋጣው ሄዳ ፈረሱን ታያለች፣ ትመለሳለች፤ ገና አረፍ ሳትል ደግሞ ትነሳለች። ፈረሱም ከእሷ አይሻልም። መልኩ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ስሙ ገስግስ ይባላል፤ ቀኑን ሙሉ በማሰሪያው ዙሪያ ሲሽከረከር ይውላል። የብልባላ ሰው «እሷ ፈረሱን መሰለች ወይስ ፈረሱ እሷን?» እያለ ይስቅ ነበር።

የይማርሽ ጭንቀት ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአገሩ የፈረስ ማኅበር ደንብ አለው። አባቱ በምስክር የታወቀ ፈረስ ብቻ ድንጉላ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ለአቅመ ጭነት ሲደርስ ይኮላሻል። ያገኘውን ባዝራ እየተከተለ ዘር እንዳያበላሽ፣ የጥምቀትንም ሰልፍ እንዳይበጠብጥ ነው ይላሉ። ገስግስ ዕድሜው ደርሷል፤ የሚያኮላሸው ሰውዬም ለቅዳሜ ተቀጥሯል።

ባሏ አድማሴ ከመሞቱ በፊት ላገኘው ሰው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነበር፦ «ይሄ የኛ ውርንጭላ የዳኘው ልጅ ነው።» ዳኘው የሙጃው የአያ ደሳለ ድንጉላ ነበር። ሲሰግር፣ ከላዩ የተቀመጠ ሰው ሞልቶ የያዘው ጠላ ጠብ አይልም እየተባለ የሚወራለት፣ ላስታ ውስጥ ስሙን ያልሰማ ፈረሰኛ የሌለ። አድማሴ ባዝራቸውን እየነዳ ሙጃ ድረስ ሄዶ «በዳኘው አስጠቅቻት መጣሁ» ሲል ግን ማንም አላመነው። ደግ ሰው ነበር፤ ክፋቱ ጠላ ቤት ካየ እግሩ ይታሰራል። የማኅበሩ ሰብሳቢ አለሜ፣ ያውም የአጥር ጎረቤቱ፣ «አድማሴ ሙጃን በዓይኑም አላያት፤ እሱ ጠላ ቤት ተቀምጦ ሳለ ባዝራዋን ያገኛት አንዱ የጭነት ፈረስ ነው» ብሎ አወራ፤ ወሬውም ከአድማሴ ቃል ቀድሞ አገር አዳረሰ።

አያ ደሳለ እንዳይመሰክሩ፣ በዚያ ሰሞን ወልድያ ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ድንጉላውን ይጠብቅላቸው የነበረው ወንድማቸው ሞቷል። ዳኘውም ሞቷል። በመጨረሻ አድማሴም ተከተለ። ነገሩን የሚያውቁት ሁሉ አፈር ገቡና ለይማርሽ የቀረላት ፈረሱና ሐሜቱ ብቻ ሆነ።

በሰው ፊት «ባሌ አይዋሽም» ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ትጠራጠራለች፤ ምክንያቱም ገስግስ አይሰግርም። ሰጋር ይወለዳል እንጂ አይማርም፤ ይህን ላስታ ውስጥ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። የሰጋር ልጅ ገና ጡት ሳይጥል የአንድ ወገን እግሮቹን አብሮ እያነሳ፣ ጀርባውን ሳያነቃንቅ ይሄዳል ይባላል። ገስግስ ግን እንደ ማንኛውም ፈረስ ሶምሶማውን ዱብ ዱብ ነው የሚለው። ዱብ ባለ ቁጥር አድማሴ ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይታያታል። ትናደድበታለች፤ ወዲያው ደግሞ ሙት በመጠርጠሯ ታፍራለች።

እፍረቱና ንዴቱ ሲፈራረቅባት አንድ ነገር አደረገች። አዝመራው ከታጨደ ጀምሮ፣ ጎረቤት ከመነሳቱ በፊት ፈረሱን ከመንደሩ ገደል ሥር ወዳለው የቃርሚያ ማሳ ትወስደዋለች። ቀኝ የፊት እግሩን ከቀኝ የኋላው፣ ግራውን ከግራው ጋር በገመድ ታስርና ትመራዋለች። እግሮቹ በአንድ ወገን አብረው ካልተነሱ መራመድ አይችልም። መጀመሪያ ወደቀ። ተነሳና ሊነክሳት ቃጣው። «ቀስ፣ ቀስ የኔ ጌታ» እያለች አንገቱን ስታሻሸው፣ ስትቆጣው፣ መልሳ ስትለምነው ከረመች። እያደር እርምጃው ገባው። ገመዱ ሲፈታለትም ረሳሁ አላለም፤ ኮርቻ ጭና ስትወጣበት በቃርሚያው ላይ እንደ ውኃ ይፈስ ጀመር። ሰጋር በገመድ ሲሠራ በአገሩ ተሰምቶ አያውቅም፤ ወይም የሠራው ሁሉ ዝም ብሏል።

ያን ጊዜ ስልክ ደወለች። «አያ ደሳለ፣ መጥተው ይዩልኝ። የዳኘው ልጅ ከሆነ ልጁ ነው ይበሉልኝ።»

ሽማግሌው ቅዳሜ መጡ፤ እስከ ላሊበላ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በአንድ ዘመዳቸው በቅሎ። ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ሜዳው ላይ ቆሙ። የማኅበሩ ሰዎች ከበቧቸው። የሚያኮላሸው ሰውዬም ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ይማርሽ ላታየው ብትምልም ዓይኗ ከእሱ አልነቀል አላት።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አለ አለሜ፣ ሰው እንዲስቅለት ዞር ዞር እያለ። «ዛሬ እንግዲህ አጎትየውን እናያለን።»

ይማርሽ ኮርቻው ላይ ወጣች፤ ጠላ እስከ አፉ የሞላ ዋንጫ ተቀበለች። ጠላውን ፈረሱ ሳይሆን እኔው ላፈሰው ነው ብላ ፈራች። ገስግስ ግን ልጓሙ ሳብ እንዳለ ጀርባው ጸጥ አለ። ሜዳውን ዞሮ ተመለሰ። ዋንጫው አልጎደለም። ሰዉ «ወይ ጉድ» ተባባለ፤ አለሜም ሳቁን ዋጠ።

አያ ደሳለ ዋንጫውን ተቀብለው ተጎነጩለት። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጃቸውን በፈረሱ እግር ቁልቁል ሰደዱ። ከሰኮናው ከፍ ብሎ እጃቸው ቆመ። ጸጉሩ ዙሪያውን ተበልቷል።

«ይማርሽ፣» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ገመድ ነው?»

ልትክድ ፈልጋ ነበር። አፏ እሺ አላላትም። «ገመድ ነው፣ አያ። ስላልሰገረልኝ ነው።»

«አላልኳችሁም?» አለ አለሜ። «ሰጋር ቢሆን መች ገመድ ይሻ ነበር? በሉ ሰውዬውን ጥሩት።»

ይማርሽ ከኮርቻው ወረደች። ልጓሙን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። በገዛ እጇ የባሏን ቃል ውሸት እንዳደረገችው ገባት፤ ዝም ብትል ኖሮ ቢያንስ ጥርጣሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

«ልቀቂው» አሏት አያ ደሳለ። «ኮርቻውንም፣ ልጓሙንም አውልቂለት። የተማረ ነገር በፍርሃት ጊዜ ይረሳል፤ የተወለዱበት ነው የሚቀር።»

ባዶውን ለቀቀችው። አያ ደሳለ ጠጋ አሉና ጃንጥላቸውን ድንገት አፍንጫው ሥር ቧ አድርገው ከፈቱት። ገስግስ ዘሎ ተፈተለከ። ስግሪያው የት ገባ? ደንገላሳ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ዱብ ዱብ፤ ያ ሁሉ የማለዳ ልፋት አንድም አልቀረም። አለሜ እጁን አጨበጨበ። የሚያኮላሸው ሰውዬም ጨርቁን ይፈታ ጀመር።

አያ ደሳለ ግን ንቅንቅ አላሉም። ጃንጥላውን እንደተከፈተ መሬት ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ገስግስ ከሜዳው ጫፍ ደርሶ ክብ ሠራ። ቀስ እያለ፣ አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ አንዱን ወደፊት አቁሞ፣ ወደዚያው ወዳስበረገገው ጃንጥላ ተመለሰ። አሸተተው። ከዚያ በፊት እግሩ መሬቱን መታ መታ አደረገና አጠገቡ ቆመ።

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። «ዳኘው» አሉ። «አይ ዳኘው።»

«እንዴ አያ፣» አለ አለሜ፣ «አሁን በዓይናችን ሶምሶማ ሲረግጥ አየነው እኮ።»

«ዳኘውም ሲፈራ ሶምሶማ ነበር የሚረግጠው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰው ፊት እንዲፈራ አላደርገውም ነበር እንጂ። እኔ ነኝ በገመድ ያስተማርኩት። ወንድሜ ያውቅ ነበር፣ እኔ አውቅ ነበር፤ አሁን እናንተ አወቃችሁ። ሽሽቶ ሲያበቃ ያስፈራውን ነገር ተመልሶ የሚያሸት፣ ጆሮውን እንዲህ ከፍሎ መሬት የሚመታ ፈረስ ግን በዕድሜዬ ከእሱ በቀር አላየሁም። ይሄ ልጁ ነው። ከፈለጋችሁ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ እምላለሁ።»

ማንም ይማሉ አላላቸውም። ሰው ዕድሜ ልኩን የኮራበትን ነገር በአደባባይ አፍርሶ ለሌላ ሰው ፈረስ አይዋሽም። አለሜ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው፣ በመጨረሻም ወደ ሰውዬው ሄዶ ዕቃህን ሰብስብ አለው።

ሰዉ ሲበተን አያ ደሳለ ገመዱን እንድታሳያቸው ይማርሽን ጠየቋት። ከኮርቻው ሥር አውጥታ ሰጠቻቸው። በጣታቸው ዳበሱት።

«ሻካራ ነው፣ ልጄ። ሱፍ ጠቅልዪበት፤ ያኔ ጸጉሩን አይበላውም። እኔን ማን አየብኝ?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ይማርሽ መሳቅ አቃታት። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ገስግስ መጥቶ ትከሻዋን አሸተታት። አድማሴ ባዝራዋን እየነዳ ያን ሁሉ ዳገት ሲወጣ ታያት፤ በየጠላ ቤቱ ደጃፍ ሳይቆም ሲያልፍ፣ መጥቶ ሲነግራት፣ ፊቷን አይቶ ዝም ሲል።

«አላመንኩህም ነበር» አለች፤ እንባዋ ወረደ። «ይቅር በለኝ፣ አላመንኩህም ነበር።»

አያ ደሳለ ለፈረሱ የምትናገር መሰላቸው። ጃንጥላቸውን አጥፈው ተደገፉና፣ «ተይ አታልቅሽ» አሏት። «እሱ እንደሁ አልተቀየመሽም።»