የአባትህ ስም ማን ነው?

«የመሪጌታ ሀይለ ሚካኤል ቤተሰብ ኢሜይል ከዛሬ ጀምሮ ቢቸና ካለው ኮምፒዩተር በተጨማሪ ሞጣ ካለው ኮምፒዩተርም ሊከፈት የሚችል መሆኑን ለቤተሰቡ አባላት በታላቅ ደስታ እናበስራለን። ይህን ማስታወቂያ የሚቃረን፣ በቃልም ሆነ በስልክ ሲሠራበት የቆየ ማንኛውም ልማድ ተፈጻሚነት አይኖረውም።»

ማስታወቂያውን የጻፈው ምንይሉ ነው። ደጋግሞ አንብቦ የወደደውም እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ «የመሪጌታ ቤት» በሚባለው ቡድን ውስጥ ለጠፈና ምስጋና ጠበቀ። ደጀን የምትኖረው አክስቱ ይርጋነሽ አንዲት የምታጨበጭብ ድመት ላከችለት። ከዚያ በኋላ ማንም አልጻፈም።

ምንይሉ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ቢቸና ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ተብሎ ተቀጥሯል፤ ባለሙያ ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲውጥ የሚጠራ ሰው ማለት እንደሆነ ለሌላ ባይናገርም ለራሱ አይዋሽም። በቤተሰቡ ዘንድ ግን ሌላ ማዕረግ ነበረው። የቤቱን ኢሜይል የከፈተው እሱ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻውን ያነበበውም እሱ። መልእክት ሲገባ ሞጣ ይደውልና ጉሮሮውን ጠርጎ «አንድ ደብዳቤ ደርሶናል» ይላል። ከአሥሩ ዘጠኙ የጫማ ማስታወቂያ ነው፤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ የደወለበት ቀን ግን የለም።

ይህን ሹመት ያፈረሰችበት ታናሽ እህቱ እፀገነት ናት። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሞጣ ቁጭ ብላለች። ባሕር ዳር ላለ አንድ ሆስፒታል ስታመለክት የቤቱን ኢሜይል ሰጠች፤ የራሷን ልክፈት ስትል «አንድ ቤት፣ አንድ ኢሜይል» ብሎ የከለከላት ወንድሟ ነበራ። ከዚያ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛችና «እንግዲያው እኔም እዚሁ ሆኜ ልየው» አለችው። ምንይሉ ስለ ደኅንነት አወራ፣ ስለ ቫይረስ አወራ፤ የሚያወራው ሲያልቅበት ፈቀደ። ሲሸነፍ አዋጅ ማውጣት የሚወድ ሰው ስለሆነ አዋጅ አወጣ።

ማስታወቂያው በተለጠፈ በግማሽ ሰዓቱ እፀገነት ደወለች።

«ጋሼ፣ አብራኝ ያመለከተችው ሰብለ ወንጌል ለፈተና ተጠራች። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ‹እመጣለሁ› ብሎ በኢሜይል ያልመለሰ ይሰረዛል ብለዋታል። እስቲ የእኔን እየው።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ኢሜይሉ ምንይሉ ፊት ተከፍቶ ተቀምጧል፤ አንዴ ጠቅ ቢያደርግ ያየው ነበር። ይህችን አንዴ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቧታል።

«አይሆንም» አላት። «ራስሽ ክፈቺው። የኮምፒዩተርሽ ምረቃ ቀን ነው።»

«ምረቃው ይቅርብኝ። እየው ብቻ።»

«የይለፍ ቃሉን ሰጥቼሻለሁ አይደል? ጻፊ።»

ተነፈሰችና ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አባታቸው መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ወንበር ስበው አጠገቧ ሲቀመጡ ምንይሉ ከቢቸና ሆኖ ሰማ። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በፊደል ቀልድ አያውቁም። ሰፈራቸው ያለው ልኳንዳ ታፔላው ላይ «ሥጋ»ን በእሳቱ ሰ ስለጻፈ ከዚያ ቤት ሥጋ አይገባላቸውም፤ ለፋሲካ እንኳ ከተማውን አቋርጠው ይሄዳሉ። እፀገነትን አንደኛ ክፍል ያስመዘገባት ምንይሉ ነበር፤ በዓይኑ ዐ መጻፍ የነበረበትን ስሟን በአልፋው አ አስመዝግቦ ሲመለስ ሁለት ሳምንት አላናገሩትም።

የይለፍ ቃሉ አለፈ። ቀጥሎ ግን ኮምፒዩተሩ ይህን አዲስ ማሽን እንደማያውቀው ገለጸና፣ ምንይሉ ያኔ ኢሜይሉን ሲከፍት በአማርኛ ጽፎት የረሳውን የመፈተኛ ጥያቄ አወጣ። በዚያው ቅጽበት ቢቸና ላይም ተከፍቶ የነበረው ኢሜይል ለጥንቃቄ ሲባል ተዘጋና ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ። ለሁለቱም ኮምፒዩተር በድምሩ አምስት ሙከራ። ከአምስት በኋላ እስከ ነገ ዝግ።

«‹የአባትህ ስም ማን ነው?› ይላል» ብላ እፀገነት አነበበች።

«ባንተአምላክ» አሉ መሪጌታ ሳያመነቱ።

አባት ያዘዘው ነውና ጻፈችው። አራት ቀረ።

«አባዬ፣ የእርስዎን አባት አይደለም የሚጠይቀው» አለ ምንይሉ።

«የማንን ነው ታዲያ? ፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«የእኔን አባት ነው።»

«አንተ ቢቸና ነህ። ማንን እንደሚያነጋግር አያውቅም ማለት ነው?»

«አያውቅም።»

«ይህን ነው አራት ዓመት የተማርከው?»

መሪጌታ ወደ እፀገነት ዞረው የገዛ ስማቸውን አስጻፏት፤ «በብዙኃኑ ኃ። ሚካኤል ለብቻው ይቁም።» ሦስት ቀረ።

መሪጌታ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠጉ።

«ስሜ አይደለም አለ?»

«እንደዚያ አላለም፣ አባዬ።»

«እና ምን አለ?»

ምን እንዳለ ምንይሉ ገብቶታል፤ ያኔ የአባቱን ስም በሌላ ፊደል ጽፎታል ማለት ነው። ለእሱ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ማለት ጣት ቀድሞ ያገኘው ማለት ነው። እንዲያውም ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ለአንድ ድምፅ ሦስት ፊደል ብክነት ነው ብሎ ካፌ ውስጥ ተከራክሮ አሸንፏል። ያን ቀን የተሸነፈው ልጅ ማን እንደነበር ቢያስታውስ ኖሮ አሁኑኑ ደውሎ ይቅርታ በጠየቀው። ዛሬ በማስታወቂያው ላይ በሃሌታው ሀ ነበር የተጠቀመው። እንግዲህ ያኔም ያው ይሆናል ብሎ፣ ማንም ሳያውቅ እዚያው ቢቸና ላይ በሃሌታው ሀ ሞከረ።

«ጋሼ» አለች እፀገነት፤ «እኔ ሳልነካው ሁለት ቀረህ አለኝ።»

«ኔትወርክ ይሆናል።»

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አሉ መሪጌታ።

«ምንም።»

«ምንም ብሎ የጻፈ ሰው ሙከራ አይቀነስበትም።»

እፀገነት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ አሥር ከሩብ ሆነ። ሁለት ዓመት ነው እዚህ የተቀመጥኩት። ይህ ካለፈኝ ሌላ አልጠብቅም፤ ሱቅ እከፍታለሁ።»

ይህን ስትል ምንይሉ መቀለድ አቃተው። ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ሳምንት አሰበ። ኢሜይሉን የከፈተው በተመረቀ ሰሞን ነበር። የከፈተበትም ምክንያት ለፎቶ ቤት ነው፤ ጋዋን ለብሶ የተነሳው ትልቁ ፎቶ ግርጌ ላይ በወርቃማ ቀለም የሚታተመውን ሙሉ ስሙን በጽሑፍ ላክ ብለውት። ለመላክ የጻፈውን የአባቱን ስም እዚያው ቀድቶ ለጥያቄው መልስ አድርጎ ለጠፈው። እንዴት እንደጻፈው አያስታውስም፤ ፎቶው ላይ ግን አለ። ፎቶው ደግሞ ሞጣ፣ እፀገነት ካለችበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ችግሩ ጽሑፉን ያየ ሰው አለመኖሩ ነው። ፎቶው ሞጣ በደረሰ ማግስት መሪጌታ የፍሬሙን ግርጌ ከዳር እስከ ዳር በቡናማ ፕላስተር ለጥፈውታል። ለምን ሲባሉ «እርጥበት እንዳይገባው» ብለው ነበር። ምንይሉ ይህን ለጓደኞቹ ሲያወራ ኖሯል፦ አባቴ ፎቶዬን እንዴት እንደሚሳሱለት ብታዩ።

«እፀገነት፣ የምረቃ ፎቶዬን አውርጂና ከሥሩ ያለውን ፕላስተር ላጪው። መልሱ እዚያ አለ።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ከዚያ የአባቱ ድምፅ።

«አታውርጂው።»

«አባዬ፣ ሰዓቱ እኮ—»

«ተቀመጪ። ጻፊ።» መሪጌታ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ቃሉን እየነጠሉ ተናገሩ። «ሐመሩ ሐ። ሐይለ። ሚካኤልም ለብቻው አይደለም፣ ተጣብቋል። ክፍተት የለውም።»

የእፀገነት ጣቶች ቁልፎቹን ሲነኩ ተሰማ። ከዚያም ሁለቱም ኮምፒዩተሮች፣ ቢቸና ላይ ያለውም ሞጣ ላይ ያለውም፣ አንድ ላይ ተከፈቱ። ከሦስት የጫማ ማስታወቂያዎች ሥር የፈተናው ጥሪ ነበር።

እፀገነት «እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። ከመላኳ በፊት አባቷ ቃሏን ሁለት ጊዜ አነበቧት፤ እንከን አላገኙባትም። አሥር ተኩል ላይ «ደርሶናል» የሚል መልስ ሲመጣ ምንይሉም ቢቸና ላይ አየው። በልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚነግረው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለው ተወው።

እዚህ ላይ ስልኩን ቢዘጋ ደኅና ነበር። አልዘጋም።

«አባዬ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

መልሱን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«የእፀገነትን አንድ ፊደል ሳስለውጥ ሁለት ሳምንት ዘጉኝ። ልኳንዳውን እንኳ አልማሩትም። እኔ የእርስዎን ስም፣ ያውም በወርቅ ቀለም፣ እንደዚያ አድርጌው አንድ ቀን አልተናገሩኝም። ክፍተት እንደሌለው እንኳ በቃልዎ ይዘውታል። ለምንድን ነው ሸፍነው የተዉልኝ?»

ከሞጣ የወንበር ሲጢጥታ ተሰማ። መሪጌታ ተነስተው ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ የተላቀቀ ፕላስተር በአውራ ጣት ተጭኖ ሲለጠፍ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ከዚያ ተመልሰው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«አልነግርህም።»